ማይል ጎተራ ውስጥ ሲነቅዝ

ውጭ አገር በሚኖረው ወገናችን ዘንድ የአየር መንገድ ማይል ነገር ሲነሳ ክርክሩን ሁልጊዜ የሚረታ አንድ አስተያየት አለ። ማይል የሚያዋጣው ሲጠራቀም ነው ይላል፤ ተጠራቅሞ ተጠራቅሞ አንድ ቀን ለቢዝነስ ክላስ ሲውል ነው፤ በኢኮኖሚ ወንበር ላይ ያጠፋው ሰው ግን ሀብቱን በተነ። አስተያየቱ ባዶ እጁን አይመጣም፤ ሒሳብ ይዟል። ትኬቱ በገንዘብ ስንት እንደሚያወጣ ይታይና ለተጠየቀው ማይል ይካፈላል፤ አንዱ ማይል ስንት ሳንቲም እንዳወጣ ይታወቃል፤ ሳንቲሙ የበዛበት ጉዞ ምርጥ ተብሎ ይመረጣል። በዚህ ስሌት ከፊት ያለው ሰፊ ወንበር ምንጊዜም ያሸንፋል፤ በገንዘብ ሲገዛ ከኢኮኖሚው ሦስትና አራት እጥፍ ሲያስከፍል፣ በማይል ሲገዛ ግን ብዙ ጊዜ እጥፉን ወይም ከዚያ ጥቂት ከፍ ያለ ነው የሚጠይቀው። ማካፈሉ አልተሳሳተም። የተሳሳተው የማን ሒሳብ እንደሆነ ሳይጠየቅ መቅረቱ ነው። ይህ መለኪያ በሌላ ሰው ልክ የተሰፋ ልብስ ነው። ቤተሰቡ ምዕራብ ጎጃም፣ ወንበርማ ወረዳ፣ ሽንዲ ላለ፣ በሁለት ወይም በሦስት ዓመት አንዴ ወደ አገሩ ለሚመጣ፣ ትኬቱን ከገዛ ኪሱ ለሚከፍል ሰው ማይል ከሁሉ የበለጠ የሚያወጣው ቶሎ ሲመነዘር፣ በተራው ወንበር ሲመነዘር፣ ሊወጣ የነበረውን ጥሬ ገንዘብ ኪስ ውስጥ ሲያስቀር ነው።

ልብሱ በማን ልክ እንደተሰፋ ለማወቅ ወደ መነሻው መሄድ ይበቃል። አሜሪካን አየር መንገድ የደንበኞቹን የጉዞ ርቀት እየቆጠረ መሸለም የጀመረው እ.ኤ.አ. ግንቦት 1 ቀን 1981 ነው፤ ዩናይትድ በቀናት ልዩነት ተከተለው። ሁለቱም ዓይናቸውን የጣሉት አንድ ዓይነት ሰው ላይ ነበር። ሳምንት በሳምንት ለሥራ የሚበር፣ ትኬቱን መሥሪያ ቤቱ የሚከፍልለት፣ የሚበርበትን ኩባንያ ግን ራሱ የሚመርጥ ሰው። መሥሪያ ቤቱ ይከፍላል፣ ማይሉ ወደ ሠራተኛው ኪስ ይገባል። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ማይል ምንም ያላወጣበት ሲሳይ ስለሆነ ድሎትን መግዣ ቢያደርገው አይፈረድበትም። ከዚያ በኋላ ሌላ ከፋይ መጣ፤ ባንክ። የክሬዲት ካርድ አውጪ ባንኮች ከአየር መንገዶች ማይል በጅምላ እየገዙ ለካርድ ተጠቃሚዎቻቸው ማደል ጀመሩ፤ ማይሉም ከሰማይ ይልቅ በየሱፐርማርኬቱ የሚታፈስ ሆነ። ነገሩ ምን ያህል እንደገነነ የሚያሳየው የኮሮና ዘመን ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 አውሮፕላኖቹ መሬት ላይ በቆሙበት ሰዓት ዩናይትድ ብድር ለማግኘት በመያዣነት ያቀረበው የማይል ፕሮግራሙን ነበር፤ ኩባንያው ራሱ ለፕሮግራሙ ያወጣለት ግምት ወደ 22 ቢሊዮን ዶላር ሲሆን፣ በዚያው ወቅት የኩባንያው አክሲዮኖች በገበያ የነበራቸውን ጠቅላላ ዋጋ በሰፊው ይበልጥ ነበር። አየር መንገዱ ከነአውሮፕላኑ ከማይሉ ረከሰ ማለት ነው። ከዚያ ቀደም ሲል እ.ኤ.አ. በ1999 አንድ የካሊፎርኒያ መሐንዲስ ከአሥራ ሁለት ሺህ በላይ ኩባያ ፑዲንግ ገዝቶ፣ በላዩ ላይ የተለጠፈውን ማይል የሚያሸልም ምልክት እየላከ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ማይል ሰብስቧል። “አጠራቅመህ ከፊት ተቀመጥ” የሚለው ምክር የበቀለው በእነዚህ ሰዎች ጓሮ ነው፤ አሠሪው በሚከፍልለት፣ ካርዱን በየወሩ አጽድቶ በሚዘጋ፣ ትርፍ ጊዜ ባለው ሰው ጓሮ።

አሁን ምክሩን ወደ ወንበርማ ልጅ እናምጣው። ከዋሽንግተን ዳለስ እስከ ቦሌ ያለው የአየር ርቀት ወደ 7,200 ማይል ነው፤ ደርሶ መልሱ 14,400 ያህል ይሆናል። እንበልና ለቢዝነስ ክላስ ደርሶ መልስ የሚጠየቀው 120,000 ማይል ቢሆን፣ የበረራው ርቀት አንድም ሳይጎድል ቢመዘገብለት እንኳ ከስምንት ጊዜ በላይ ተመላልሶ ነው የሚሞላው። በሁለት ዓመት አንዴ የሚመጣ ሰው አሥራ ስድስት ዓመት ይጠብቃል ማለት ነው። ይህም በደጉ ስሌት ነው። ርካሹ ትኬት የተበረረውን ርቀት ሙሉውን አያስመዘግብም፤ እንደ ትኬቱ ደረጃ የተወሰነውን መቶኛ ብቻ ነው የሚሰጠው፤ እኛ ደግሞ ከወራት በፊት እያደንን የምንገዛው ያንኑ ርካሹን ነው። በዚህ ላይ በብዙ ፕሮግራሞች ማይል የሞት ቀን ተቆርጦለት ነው የሚወለደው፤ ካልተጠቀሙበት በተወሰነ ዓመት ውስጥ ይሰረዛል። ጠራቃሚው ግማሽ መንገድ ላይ ሳለ መጀመሪያ የሰበሰበው ከኋላው እየረገፈ ይከተለዋል። በሽንዲና በቡሬ ዙሪያ ካሉ ቀበሌዎች ወደ ጅዳ፣ ወደ ዱባይ፣ ወደ ቤይሩት ለሥራ የሄዱትን እህቶቻችንን ከጨመርን ነገሩ ይብሳል፤ የአባልነት ካርዱ በነፃ የሚወጣ ሆኖ ሳለ ትኬታቸውን የቆረጠው ኤጀንሲ ቁጥር ስላላስመዘገበ አንድም ማይል በስማቸው ሳይገባ የቀረው ብዙ ነው። ለእነሱ “ለቢዝነስ ክላስ አጠራቅሚ” ማለት ላም ለሌላት ሰው ስለ ቅቤ አነጣጠር መምከር ነው።

ወደ ጎተራው ልግባ። የምዕራብ ጎጃም ገበሬ ስለ ማጠራቀም ከማንም መማር አያስፈልገውም። በወንበርማ፣ በቡሬ፣ በጃቢ ጠህናን በቆሎ የሚያመርት ሰው እህሉን በታኅሣሥ ገበያ ላይ ካራገፈው በርካሽ እንደሚወጣ፣ እስከ ሐምሌ ካቆየው ዋጋ እንደሚያመጣ ያውቃል። ሳይታከም ጎተራ የገባ በቆሎ ነቀዝ እንደሚፈጀውም ያውቃል። ስለዚህ ሁለቱን ያመዛዝናል፤ ነቀዙ የሚወስደውና ሐምሌ የሚጨምርለት የትኛው ይበልጣል ብሎ። ማጠራቀም ጥበብ የሚሆነው ሐምሌ ስላለ ነው። ማይል ነቀዝ አለው፣ ሐምሌ ግን የለውም። ባለበት ቆይቶ ዋጋው የሚያድግበት አንድም መንገድ አልተሠራለትም፤ ወለድ አይወልድ፣ የገበያ ጭማሪ አያገኝ። ዋጋውን የሚተምነው ያወጣው ድርጅት ነው፤ ያ ድርጅት ደግሞ ለተበዳሪነቱ ራሱ ዳኛ ነው። የማይል ፕሮግራምን ከእቁብ ጋር የሚያመሳስሉ አሉ፤ ማመሳሰሉ እቁብን ይሳደባል። በእቁብ የሚጣለው ገንዘብ የታወቀ ነው፣ የሚወጣው ዕጣ የታወቀ ነው፣ ዳኛው መሐል ላይ ተነስቶ “ከዛሬ ጀምሮ የአንድ ዕጣ ገንዘብ ግማሽ ሆኗል” ቢል የሚቀጥለውን እሑድ አያይም። አየር መንገድ ግን ይህን ማድረግ ይችላል፣ ያደርጋልም፤ በደንቡ ላይ መብቱን አስቀድሞ ጽፎ አስፈርሞናል።

ይህ ግምት አይደለም፤ የሆነ ነው። ዴልታ ለየትኛው መንገድ ስንት ማይል እንደሚጠየቅ የሚያሳየውን ሰንጠረዥ እ.ኤ.አ. በ2015 ከሕዝብ ዓይን አነሳው። ዩናይትድ በ2019 መጨረሻ ላይ እንዲሁ አደረገ። ከዚያ ወዲህ ለአንድ ትኬት የሚጠየቀው ማይል እንደ ትኬቱ ገበያ በየቀኑ የሚወጣና የሚወርድ፣ ይበልጡን ግን የሚወጣ ሆነ። በዚያው ጊዜ ውስጥ ሦስቱ ትልልቅ የአሜሪካ አየር መንገዶች ማይል የሚሰጡበትንም መንገድ ቀየሩ፤ ርቀት መቁጠር ትተው የተከፈለ ዶላር መቁጠር ጀመሩ፤ ርካሽ ትኬት ገዝቶ ሩቅ የሚሄደው ሰው፣ ማለትም የኛ ሰው፣ ድርሻው አነሰ። ዘ ኢኮኖሚስት መጽሔት እ.ኤ.አ. በ2005 መጀመሪያ ላይ በዓለም የተጠራቀመው ያልተመነዘረ ማይል፣ በወረቀት ከሚዘዋወረው የዶላር ገንዘብ ሁሉ በዋጋ ይበልጣል ብሎ አስልቶ ነበር። ይህን ያህል ዕዳ የተሸከመ ወገን ዕዳውን የሚያቀልበት ቀላሉ ዘዴ ምን እንደሆነ ለመገመት የባንክ ባለሙያ መሆን አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2024 የአሜሪካ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት አሜሪካንን፣ ዴልታን፣ ሳውዝዌስትንና ዩናይትድን ስለ ሽልማት ፕሮግራሞቻቸው መረጃ እንዲያቀርቡ ያዘዘውም አንዱ ምክንያቱ ይኸው፣ የተጠራቀመ ነጥብ ዋጋው እየተሸረሸረ ነው የሚለው ጥያቄ ነው። እኛ ኢትዮጵያውያን ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ የለብንም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ያን ቀን ብር ያጠራቀመ ሰውና ቆርቆሮ የገዛ ሰው እኩል አላደሩም። ብር ሲረክስ ቢያንስ መግለጫ ተሰጥቶ፣ በዜና ተነግሮ፣ በየቤቱ ተወርቶበት ነው፤ ማይል የሚረክሰው ግን ጠራቃሚው ተኝቶ ሳለ ነው።

ዩናይትድ እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ማይሉ እንዳይሰረዝ ማድረጉን ጠቅሰው የሚከራከሩኝ ይኖራሉ፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ የስታር አሊያንስ አባል ስለሆነ በእርሱ የተበረረውን ማይል በራሱ የማይል ፕሮግራም በሼባማይልስ ፈንታ በማይሰረዘው የዩናይትድ ካርድ ላይ ማስመዝገብ ይቻላል ይሉኛል። ይቻላል፤ ብልህ ሰውም ካርዱን ከመስጠቱ በፊት ሁለቱን ያነጻጽራል። ግን አለመሰረዝና አለመርከስ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ከጎተራው ያልተሰረቀ በቆሎ ሁሉ ያልነቀዘ አይደለም።

አሁን የክርክሩ አንገት ላይ ደርሰናል፤ ሳንቲም በማይል የሚባለው ስሌት። ቁጥር እናስቀምጥ፤ ቁጥሮቹ ለምሳሌ ብቻ ናቸው። የኢኮኖሚ ደርሶ መልስ ትኬት በገንዘብ 1,200 ዶላር፣ በማይል 60,000 ይሁን። የቢዝነሱ በገንዘብ 5,000 ዶላር፣ በማይል 120,000 ይሁን። በማይል የተቆረጠ ትኬት ነፃ ነው ቢባልም ታክስና ልዩ ልዩ ክፍያ አለበት፤ ለሁለቱም 200 ዶላር እንበል። በኢኮኖሚ 1,000 ዶላር ይተርፋል፤ ለ60,000 ሲካፈል አንዱ ማይል አንድ ሳንቲም ተኩል አለፍ ብሎ አወጣ። በቢዝነስ 4,800 ዶላር “ተረፈ”፤ ለ120,000 ሲካፈል አራት ሳንቲም። አያችሁ ይላል መካሪው፣ ከእጥፍ በላይ! ነገር ግን ያ 4,800 ዶላር ከየት ተረፈ? ይህ ሰው በሕይወቱ 5,000 ዶላር ከፍሎ ተኝቶ ለመብረር አስቦ አያውቅም። ያላሰበውን ወጪ አለማውጣት ቁጠባ ከሆነ፣ ሒልተን ያላደረ ገበሬ ሁሉ በየሌሊቱ ይከብራል። ትክክለኛው ጥያቄ ለዚያ ወንበር ከኪስህ ቢበዛ ስንት ትከፍል ነበር የሚለው ነው። ሰውየው ለጀርባው ምቾት ሲል ከተራው ትኬት 400 ዶላር ጨምሮ 1,600 ቢከፍል ደስ ይለዋል እንበል። ታክሱ ሲቀነስ 1,400 ይሆናል፤ ለ120,000 ሲካፈል አንድ ሳንቲም ከሩብ እንኳ አይሞላም። በእርሱ ኪስ ሲለካ ተራው ወንበር አሸነፈ። ልዩነቱ ደግሞ በሳንቲም ብቻ አያበቃም፤ በተራው ወንበር የሄደው ሰው 60,000 ማይል በእጁ ቀርቶለታል፤ ለራሱ ለሚቀጥለው ዓመት፣ ወይም ልጅዋን ለማየት ቪዛ ላገኘች እናት። ብዙ ፕሮግራሞች በአባሉ ማይል ለሌላ ሰው ትኬት ያወጣሉ፤ አንዳንዶቹ ተጠቃሚው አስቀድሞ በስም እንዲመዘገብ ስለሚጠይቁ ጉዳዩን ከመነሻው መጨረስ ይሻላል።

ለዚህ ሙግት ከሁሉ የሚከብደው ማስረጃ ግን ያለው በመንገዱ ላይ ነው። ሳንቲም በማይል የሚቆጥረው ሰው ጉዞው ቦሌ ላይ ያለቀ ይመስለዋል። ለሽንዲ ሰው ጉዞው ቦሌ ላይ ይጀምራል። ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው በመኪና ነው፤ በፍቼ፣ በጎሐ ጽዮን፣ የዓባይን ሸለቆ ወርዶ ወጥቶ በደጀን፣ ደብረ ማርቆስ፣ ደምበጫ፣ ጅጋ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ማንኩሳ፣ ቡሬ፣ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ከዋናው አስፋልት ወደ ሽንዲ መታጠፍ። ሁለተኛው ባሕር ዳር በአውሮፕላን ደርሶ፣ በላይ ዘለቀ አውሮፕላን ማረፊያ ወርዶ፣ በመርዓዊ፣ በዱርቤቴ፣ በዳንግላ፣ በእንጅባራና በጥሊሊ አድርጎ ወደ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ ተመልሶ ቡሬ መግባት ነው። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ ሁለቱም መንገድ አንድ ቀን ክፍት፣ አንድ ቀን ዝግ የሚሆንበት ጊዜ በዝቷል። ስሙ የሰላም መንገድ ማለት በሆነው ከተማ በኩል ለማለፍ ሰላም ነው ወይ ብሎ በስልክ መጠየቅ ግድ ሆኗል። አዋጁ በወጣ ሰሞን የባሕር ዳር በረራም ለቀናት ተቋርጦ ነበር። በዚህ ሁኔታ የሚጓዝ ሰው ከሁሉ የሚያስፈልገው እጁ ላይ ያለ ገንዘብ ነው። መንገድ እስኪከፈት ባሕር ዳር አልጋ ይዞ የሚቆይበት፣ የመመለሻ ትኬቱን ቀን የሚያስቀይርበት፣ ለሚኒባሱ የሚከፍልበት፣ እናትና አባቱን ወደ ባሕር ዳር አስመጥቶ የሚያሳክምበት ገንዘብ። ማይል ሚኒባስ አይከፍልም። የቡሬ መናኸሪያ ሼባማይልስ አያውቅም። ማይል ለእነዚህ ሁሉ የሚደርሰው በአንድ በኩል ብቻ ነው፤ የውቅያኖሱን ትኬት ተክቶ 1,000 ዶላሩ ጥሬውን እንዲተርፍ በማድረግ። ለሰፊው ወንበር የዋለ ማይል ዘና ያለ አሥራ ሦስት ሰዓት ይሰጣል፣ ቦሌ ሲደርስ ያልቃል።

እዚህ ላይ ለተቃዋሚዎቼ የምለቀው ነገር አለ። ተራውን ወንበር መርጫለሁና ማይልን ለአዲስ አበባ ባሕር ዳር በረራም አውሉት እላለሁ ብሎ የሚጠብቅ ካለ ተሳስቷል። ከውጭ በኢትዮጵያ አየር መንገድ ለመጣ መንገደኛ የአገር ውስጥ ትኬት በቅናሽ መሸጡ የቆየ አሠራር ስለሆነ፣ ብዙ ጊዜ ይህችን ትንሽ ትኬት በገንዘብ መግዛት ይሻላል፤ ከዋናው ትኬት ጋር አንድ ላይ ሲቆረጥም ጭማሪው ቀላል የሚሆንበት ጊዜ አለ። ዋናው ትኬት በማይል ሲሆን ቅናሹ ይሠራ እንደሆነ ከመቁረጥ በፊት መጠየቅ ነው። መርሁ ያው ነው፤ ማይል የሚውለው ሊወጣ የነበረው ገንዘብ በበዛበት ቦታ ነው። ገንዘቡ ባነሰበት ቦታ ማይልን ማውጣት እንደ ቢዝነሱ ወንበር ሁሉ ብክነት ነው፤ የሚለየው ብክነቱ የማያምር መሆኑ ብቻ ነው።

የሚቀጥለው ተቃውሞ የጤና ነው፤ ይህን አከብራለሁ። ለሰባ ዓመት አዛውንት፣ እግሩ ለሚያብጥ፣ ወገቡን ለሚያመው ሰው ሰፊው ወንበር ድሎት አይደለም፤ ያለ እርሱ ጉዞው አይኖርም። ግን ይህ የኔን መለኪያ ያጸናል እንጂ አያፈርስም፤ ያ ሰው ለዚያ ወንበር ከኪሱም ቢሆን ይከፍል ነበርና የእርሱ 4,800 ዶላር እውነተኛ ቁጠባ ነው። እኔ የምቃወመው ሰፊውን ወንበር ሳይሆን ሰፊው ወንበር ለሁሉም ሰው አንድ ዋጋ አለው የሚለውን ሐሰት ነው። ሌላው ተቃውሞ የደረጃ ነው፤ የወርቅ አባል የሆነ ሰው ተጨማሪ ሻንጣ ያገኛል፣ ሻንጣ ደግሞ ለኛ ሰው ከወንበርም በላይ ነው ይባላል። የሻንጣው ነገር እውነት ነው። ወደ ሽንዲ የሚሄድ ሰው ከአሜሪካ የተፈቀደለትን ሁለት ባለ 23 ኪሎ ሻንጣ ለራሱ ልብስ ሲያውለው የታየ እንደሆነ ይጻፍለት። ግን ደረጃ የሚገኘው በመብረር ብዛት ነው እንጂ ማይልን ባለማውጣት አይደለም፤ የተመነዘረ ማይል ከደረጃ አያወርድም። እንዲያውም ሁለቱን ማምታታት ብዙ ሰው ማይሉን እንደ ታቦት እንዲፈራው አድርጎታል።

የክሬዲት ካርዱ ተቃውሞ አጭር መልስ ይበቃዋል። ካርድ ሲከፈት በአንድ ጊዜ አምሳና ስልሳ ሺህ ማይል የሚሰጥ ባንክ ካለ አሥራ ስድስት ዓመት መጠበቅ ለምን ያስፈልጋል ይባላል። ዕዳውን በየወሩ ሙሉ በሙሉ ለሚከፍል ሰው ነገሩ ያዋጣል፤ ያኔም ማይሉን በቶሎ ያውጣው። የአሜሪካ የካርድ ወለድ ግን ባለፉት ዓመታት ከመቶ 20 በላይ ሄዷል። ሦስት ሺህ ዶላር ዕዳ ዓመቱን ሙሉ ተሸክሞ የሚዞር ሰው 600 ዶላር ወለድ ይከፍላል፤ ለሠርግ፣ ለክርስትና፣ ለአገር ቤት መላኪያ እያለ ካርዱን የሚቧጥጥ ሰው ማይል አልተሰጠውም፤ ውድ አድርጎ ገዛው።

ከሁሉ የሚከብደኝ ተቃውሞ ሌላ ነው፤ ከራሴ ሙግት ውስጥ የሚነሳ። ማይልን በተራው ወንበር፣ ትኬት በሚወደድበት ሰዓት መንዝሩ ስል፣ ትኬት የሚወደድበት ሰዓት በትክክል በማይል የሚሰጠው ወንበር የሚጠፋበት ሰዓት ነው። የክረምቱ ትምህርት ቤት ዕረፍት፣ እንቁጣጣሽና መስቀል፣ ገናና ጥምቀት ሲመጣ አየር መንገዱ በገንዘብ የሚሸጠውን ወንበር ለምን በማይል ይሰጣል? አይሰጥም፤ ወይም እጥፍ ይጠይቃል። ይህን መካድ አይቻልም። የሚቻለው ሁለት ነገር ነው። አየር መንገዶች ወንበራቸውን የሚከፍቱት ከአሥር ወር በላይ አስቀድመው ስለሆነ የጥምቀትን ጉዞ በሚያዝያ የሚያስይዝ ሰው በኅዳር ከሚባንነው በእጅጉ የተሻለ ዕድል አለው። ሁለተኛ፣ ማይሉ በስታር አሊያንስ ጥላ ሥር ከሆነ በሉፍታንዛም በተርኪሽም አድርጎ አዲስ አበባ መግባት ይቻላል፤ አንዱ በር ሲዘጋ ሌላው ይሞከራል። አንዳንዱ ፕሮግራም ታክሱን ብቻ ሲያስከፍል ሌላው የነዳጅ ጭማሪ እያለ ብዙ መቶ ዶላር ስለሚደርብ “ነፃ” የሚለውን ቃል ሳይሆን የመጨረሻውን የክፍያ ገጽ ማየት ግድ ነው። ተራው ወንበር ቁጥሩ የበዛ ስለሆነ ከሰፊው ይልቅ ይገኛል፤ የቢዝነሱ ጠባቂ በአንድ አውሮፕላን ላይ ለጥቂት ወንበሮች ከዓለም ሁሉ ጋር ይሻማል።

የበዓሉ ጉዞ ግን በዕቅድ የሚያዝ ነው። መርዶ በዕቅድ አይመጣም። ሽንዲ ላይ ሰው ሲሞት በዕለቱ ወይም በማግስቱ ይቀበራል፤ ቀብር ላይ በአውሮፕላን የሚደረስበት መንገድ የለም፣ ማይሉም ሚሊዮን ቢሆን። ሣልስቱም ብዙውን ጊዜ ያልፋል። የነገ ትኬት በገንዘብ ሲገዛ ግን ሰው በድንጋጤ የተጠየቀውን ይከፍላል፤ ሁለትና ሦስት እጥፍ ዋጋ የሚወጣው በዚያች ሌሊት ነው፤ ከፍሎም ለቀብሩ አይደርስም። አርባው ቀን ግን ይደረሳል። ከመርዶው እስከ ተዝካሩ ባለው ጊዜ ውስጥ በየማለዳው እየተነሱ በማይል የሚሰጥ ወንበር መፈለግ፣ ዛሬ ያልታየው ነገ ብቅ ሲል ማስያዝ፣ የባሕር ዳሩን በረራና የቡሬውን መንገድ ሁኔታ ማጣራት ይቻላል። 60,000 ማይል በእጁ ያለ ሰው ያኔ የትኬቱን 1,000 ዶላር ለድግሱ፣ ለጠላው ጌሾ፣ ለካህናቱ ያውለዋል። 120,000 እስኪሞላ ነክቼ አልነካም ብሎ የተቀመጠውም ቢሆን ያን ጊዜ ከጎተራው ቢያወጣ ማይሉ ያው ማይል ነው፤ በመሐል የነቀዘውን ቆጥሮ የቀረውን ካገኘ።